ከሁለት ትልልቅ ውሾቼ ጋር በመኪና አብሮ የሚሄድ ትንሽ ውሻ ፈልጌ ነበር፣ ምን ዓይነት ልያዝ?

ቃሉ ሽንኩርት

እንዴት ዋላችሁ። ይህን ጥያቄ ቡና ላይ ለጓደኞቼ ባነሳው ሳቁብኝ። እናንተም ሳቁ ችግር የለም፣ ስትጨርሱ ግን መልሱልኝ።

ቤቴ ደሴ ነው። ከኮምቦልቻ ወዲያ ቆላው ሐርቡ አጠገብ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም አለማለሁ፣ በሳምንት አራት አምስት ቀን በፒክአፕ እመላለሳለሁ። ሁለት ትልልቅ ውሾች አሉኝ። አንበሳ የጀርመን ክልስ ነው፣ ስድስት ዓመቱ፣ በሽንኩርት ሚዛን መዝኜው 38 ኪሎ ወጣ። ሻሼ የሀበሻ ውሻ ናት፣ ሦስት ዓመቷ፣ 24 ኪሎ ብቻ ናት ግን ጉልበቷ ከሱ ይብሳል። ጠዋት የቁልፍ ድምፅ ሲሰሙ ዘለው ከኋላ ይወጣሉ፣ እርሻው ላይ ከዝንጀሮና ከከርከሮ ጋር ሲጣሉ ይውላሉ፣ ማታ አብረን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት እንወጣለን። እነሱ ባይኖሩ ዘንድሮ ቲማቲም የሚባል ነገር ገበያ አላወጣም ነበር።

አሁን የዘጠኝ ዓመት ልጄ ትንሽ ውሻ ካላመጣህልኝ ብላ ቤቱን አሳብዳዋለች። ለሷ ነው እላለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር ለኔም ነው። ጋቢናው ባዶ ነው፣ መንገዱ ሁሌ ያው ነው፣ ሬዲዮው ኩርባ ላይ ይቆራረጣል። አብሮኝ የሚወርድ የሚወጣ፣ እርሻ ላይ ከትልልቆቹ ጋር የሚውል፣ ማታ ደግሞ ከልጄ ጋር ቤት የሚያድር ትንሽ ነገር ፈለግሁ።

አዲስ አበባ የሚሸጥ ሰው ነጭ፣ ፀጉሩ መሬት የሚጠርግ ቡችላ ፎቶ ልኮልኛል። ሲያድግ ከ3 ኪሎ አያልፍም ይላል። ዋጋው የአንድ በግ ሳይሆን የሦስት በግ ነው። ልክፈል ወይስ ይቅር? ወንድ ይሻላል ሴት? ቡችላ ወይስ ያደገ? መኪና ላይስ ከትልልቆቹ ጋር ከኋላ ብጭነው ይለምዱታል?

አዎ፣ አንድ ነገር። ሻሼ አምና የጎረቤት ድመት ገድላብኛለች። ድመት ስለሆነ ነው ብዬ ነው የተውኩት።

የሐረጎ ሾፌር

ወንድም፣ ስለ ዘሩ ሌሎች ይንገሩህ። እኔ ስለ መንገዱ ልንገርህ፣ ሐረጎን ስንት ዓመት በአይሱዙ እንደተመላለስኩበት የምናውቀው እኔና የፍሬን ሸራዬ ነን።

ትንሹን ከትልልቆቹ ጋር ከኋላ እንዳትጭነው። በቃ። ይነክሱታል ብዬ አይደለም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት ግን ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ያውም በኩርባ። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ አንበሳህ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ እሱ አራት እግሩን ዘርግቶ ይመክታል፣ ለምዶታል። 3 ኪሎ ቡችላ ከጎኑ ካለ ግን ስፖንዳውና 38 ኪሎው መሃል ነው የሚቀረው። አህያ ድንገት ገብታብህ ፍሬን የረገጥክ ቀን ደግሞ መኪናው ይቆማል፣ ውሻው አይቆምም፣ በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል።

ጋቢናም ቢሆን ዝም ብለህ ጭንህ ላይ አታስቀምጠው። እኔ የሆንኩትን ልንገርህ። ቡችላ ነበረችኝ፣ ረዳቴ ቁርስ ሊገዛ ሲወርድ ወንበር ላይ ትቷት፣ እኔም እንቅልፍ ላይ ናት ብዬ ተነሳሁ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን ስነካ ፔዳሉ አልወርድ አለኝ፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ እሷ ከፔዳሉ ሥር ገብታለች! ከኋላዬ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ አለ። በማርሽና በእጅ ፍሬን ነው የያዝኩት። እሷ ምንም አልሆነችም፣ ረዳቴ ግን እስካሁን ይህን ታሪክ ስጀምር ከቤት ይወጣል።

ከዚያ በኋላ የለስላሳ ሳጥን ወስጄ ውስጡን ጆንያ አለበስኩት፣ ወንበሩ ላይ በቀበቶ አሰርኩት። ውሻዋን ደረቷን በሚያቅፍ ማሰሪያ ከሳጥኑ ጋር አጭር አድርጌ አያያዝኳት። አንገቷን እንዳታስር፣ ፍሬን ስትይዝ ያንቃታል። መኪናህ ለተሳፋሪው ኤርባግ ካለው ከፊት አታስቀምጥ፣ ባለ ሁለት ጋቢና ከሆነ ከኋላው ወንበር።

ሌላ ነገር፣ ትልልቆቹንም ካሰርካቸው ገመዱ ረጅም አይሁን። ስፖንዳውን ዘሎ ውጪ የተንጠለጠለ ውሻ በዓይኔ አይቻለሁ። የጎማ ምንጣፍም ከሥራቸው አንጥፍላቸው፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ ቆርቆሮው እጅ አያስይዝም፣ እነሱ ደግሞ ጫማ የላቸውም።

የፒያሳዋ

ወንድሜ፣ ለሰውየው ብሩን እንዳትልክ!!

ሁለት ነጭ ረጅም ፀጉር ቡቺዎች ነበሩኝ፣ እናትና ልጅ። ፎቶ ላይ ደመና ይመስላሉ። በየቀኑ ማበጠሪያ ይዘህ ካልተቀመጥክ ግን ብብታቸው ሥርና ከጆሯቸው ኋላ ፀጉሩ ተቋጥሮ ቆዳቸውን ይጎትተዋል፣ ሲራመዱ ያማቸዋል። የደሴ ክረምት ጭቃ አለ፣ አንተ ደግሞ እርሻ ነው የምትወስደው፣ ጭጎጎት አለ። ጭጎጎት የያዘው ቡቺ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አንድ ጊዜ ቦሩ ሜዳ ዘመድ ጥየቃ ይዣቸው ሄጄ ስመለስ ሁለት ሰዓት ሙሉ በመቀስ ስቆርጥ ነበር። ላጨኋቸው። ከዚያ በረዳቸው። የልጄን ሹራብ ቆርጬ አለበስኳቸው፣ ሰፈሩ ለሳምንት ሳቀ።

ስለ ትልልቅ ውሾች ደግሞ ሰው ሁሉ መንከስን ነው የሚፈራው። ከሁለቱ ቡቺዎቼ የልጅየዋን እግር የሰበረው ውሻ አልነከሳትም። የጎረቤቴ ውሻ ነው፣ ደግ ውሻ፣ አብሯት ሊጫወት ፈልጎ መዳፉን አነሳና ጀርባዋ ላይ አሳረፈው። ያ ብቻ ነው። የፊት እግሯ እንደ ስንደዶ ቀጭን ነበር። እነዚህ ከ3 ኪሎ በታች የሆኑት ከሶፋ ዘለው ሲወርዱም ይሰበራሉ፣ ከፒክአፕ ጋቢና ማ ያወርዳቸዋል? ሁልጊዜ አንተ ነህ አቅፈህ የምታወርደው፣ አንድ ቀን ስልክ እያወራህ ትረሳለህ።

እናትየዋን ጅብ ነው የበላብኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ለሽንት ወጥታ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከጦሳ ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ያውቀዋል። አንበሳና ሻሼህ ለጅብ ይጮሃሉ፣ እሷ ግን ለጅብ ጉርሻ ናት።

ለልጅህ ውሻ አትከልክላት። ግን ይህን ዓይነት አይደለም።

ባቲ ሰኞ

ወላሂ ሰው ግን ምን ነካው። ትንሽ ውሻ ምን ይሠራል? ውሻ ከያዝክ የሚጠብቅ ያዝ፣ ካልሆነ በሦስት በግ ዋጋ ሦስት በግ ግዛ፣ ሰኞ ባቲ ና እኔ አስማማሃለሁ 😂

የፒያሳዋ

@ባቲ ሰኞ ትንሹ ነው ቀድሞ የሚሰማው። ትልቁ ተኝቶ ነው የሚውል፣ ትንሹ ሲጮህ ነው ብድግ የሚለው። የኔዎቹ ቆራሌው ገና መታጠፊያው ላይ ሳለ ያውቁ ነበር።

ጡረተኛው ሐኪም

ሁላችሁም ስለ ትንሹ ውሻ ታወራላችሁ። እኔን ያስደነገጠችኝ ከጥያቄው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር የታለፈችው ድመት ናት። በእንስሳት ሕክምና ዕድሜዬን ስለጨረስኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ይቅርታ።

ልጄ፣ ድመት ስለሆነ ነው ብለህ አትለፈው። ሻሼ ትንሽ፣ ፈጣን፣ ሲይዙት ሲጥ የሚል ነገር ስታይ የማደን ስሜቷ ይነሳል ማለት ነው። ውሻ ውሻን በሽታው ይለያል፣ ይህ እውነት ነው፣ በሰከነ ጊዜ ሻሼ ቡችላውን አሽትታ ዞር ልትል ትችላለች። አደጋው ያለው ሲደናገጡ ነው። ትንሹ ሮጠ፣ ረገጡትና ጮኸ፣ አንበሳም ደርሶ ተቀላቀለ እንበል። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያነሳሳዋል። ያን ጊዜ 3 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በአንድ ንክሻና በአንድ መንቀጥቀጥ ያልቃል፣ አንተ ከቲማቲሙ መስመር እስክትደርስ ነገሩ አብቅቷል። ስለዚህ የትኛውን ዘር ልግዛ ከማለትህ በፊት ሻሼ ትችላለች ወይ የሚለውን መልስ።

እንዴት ታየዋለህ? ሰው ጋ ያለ የተረጋጋ ትንሽ ውሻ ተዋስ። ከቤትህም ከእርሻህም ውጪ፣ ሻሼ የኔ ነው የማትለው ሜዳ ላይ፣ ሁለት ሰው ሁለቱን በገመድ ይዞ በሃያ ሠላሳ ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ይራመድ። ፊት ለፊት አታገናኟቸው። እየተራመዳችሁ ቀስ በቀስ ተጠጋጉ። አንበሳን ያን ቀን ቤት ተወው። ብዙ ሰው መጮኋን ይፈራል፣ መጮህ ብዙ ጊዜ ወሬ ነው። ዝም ካለች ነው የሚያስፈራው። አፏን ዘግታ፣ ገላዋን አድርቃ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ወደፊት ካጋደለች እዚያው አቁመህ ተመለስ፣ ምናልባትም ሐሳቡን ተወው። ገላዋ ላላ ብሎ፣ መሬት አሽትታ፣ አንዴ አይታ ወደ ሌላ ነገር ከዞረች ተስፋ አለ። ይህን በተለያየ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው።

ካለፈች ወደ ምርጫው እንምጣ። ክብደቱ ከ4 ኪሎ በታች አይሁን፣ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ብታገኝ ለኑሮህ ይመቻል። እንዲህ ያለው አሁንም ትንሽ ነው፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ልጅህ ታቅፈዋለች፣ ቢረገጥ ግን በቀላሉ አይሰበርም። አፍንጫቸው ገባ ያሉትን፣ ፔኪኒዝና ፓግን የመሳሰሉትን ተዋቸው። ውሻ እንደ እኛ በላቡ አይቀዘቅዝም፣ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ አፍንጫው ያጠረ ውሻ ደግሞ ማለክለክ አይሆንለትም። አንተ ከ2,500 ሜትር ተነስተህ ነው ቆላ የምትገባው፣ ጠዋት ደሴ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ውሻ ቀትር ላይ ሐርቡ ያቃስታል። ዘር ካማረህ ጃክ ራስል የሚባለው መጠኑ ይስማማሃል፣ ግን እሱ ራሱ አዳኝ ነው፣ ትልልቆቹን መተንኮስ ይወዳል፣ ሥራ ካጣ ወንበርህን ይበላል። እኔን ከጠየቅኸኝ በሦስት በግ ዋጋ አልመክርህም። ኮምቦልቻ ጋራዦችና መጋዘኖች አካባቢ እግራቸው አጠር ያለ፣ ፀጉራቸው ገላቸው ላይ የተኛ፣ ከትልልቅ ውሾች ጋር ተጋፍተው ያደጉ ክልሶች ሞልተዋል። ከትልቅ ውሻ ጋር መኖርን ቀድሞ የተማረ ያንተን ሥራ ግማሹን ሠርቶልሃል።

ቡችላ ወይስ ያደገ ላልኸው፣ ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ አራተኛው ድረስ ያየውን ሁሉ የዓለም ወግ አድርጎ ይቀበላል። በዚያ ዕድሜ መኪናውንም አንበሳንም ከለመደ ዕድሜ ልኩን አይፈራም፣ ይህ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ክትባቱ ገና አላለቀም፣ እርሻህ ላይ የሰፈር ውሻ ሁሉ ይመላለሳል፣ ፓርቮ የሚባለው በሽታ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል። ፓርቮ የያዘው ቡችላ በደም ተቅማጥ በሁለት ሦስት ቀን ሊሞትብህ ይችላል። ስለዚህ ያንተ ቤት ላይ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሆነውን እመርጣለሁ፣ ጠባዩም ታውቋል። ከ8 ሳምንት በታች ከእናቱ የተለየ ግን በፍጹም አትውሰድ።

ፆታውን በተመለከተ፣ አስቸጋሪዋ ሴት ስለሆነች ወንድ ውሰድ። ሁለት ሴቶች አንዴ ከተጣሉ እርቃቸው ከባድ ነው። ግን ሻሼ ካልመከነች ወንዱን አኮላሸው፣ ባለሙያ ጋ በማደንዘዣ፣ በሰፈር ምላጭ አይደለም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለሦስቱም፣ ቡችላ ከሆነ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያ በየዓመቱ። ይህ አማራጭ አይደለም፣ ቤትህ ልጅ አለች። የማይታወቅ ውሻ ከነከሳት ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠብና ያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዳት፣ መድኃኒት አዋቂ ቤት ቆማችሁ ሰዓት አትግደሉ።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ገበሬ ስለሆንክ። አንደኛ መዥገር። ቆላ ብዙ ነው፣ ሰው ለከብት የገዛውን ይዞ ውሻውን ያጥበዋል። ለ300 ኪሎ በሬ የተዘጋጀ መድኃኒት ለ7 ኪሎ ውሻ በዓይን ግምት አይለካም። የሚወጋውም እንደዚያው ነው። አንድ ሰው ለጥጃ ከወጋው የተረፈችውን ለቡችላው ሰጥቶት ሲንቀጠቀጥ አምጥቶልኝ አላተረፍኩትም። ሁለተኛው ሽንኩርትህ ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ጥሬውም የበሰለውም። አንበሳን ለመጉዳት ከግማሽ ኪሎ በላይ ይፈልጋል፣ ለ3 ኪሎ ቡችላ ግን አንድ ራስ ሽንኩርት ይበዛበታል። የኛ ወጥ ደግሞ ምኑ ነው፣ ሽንኩርት ነው። ልጅህ ከእንጀራዋ እየቆረሰች እንዳታጎርሰው ንገራት። ምግብ ለየብቻ፣ በተለያየ ቦታ ስጣቸው፣ ብዙው ጠብ የሚነሳው ከሳህን ነው።

የወረባቦዋ

ሐኪሙ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ አንቱ ባይኖሩ ማን ይነግረን ነበር።

እኔ አንድ ያልተነሳ ነገር ላንሳ። ቃሉ ሽንኩርት ወንድሜ፣ ሰፈርህ እንደ ሁላችንም ሰፈር ቅልቅል ከሆነ ጎረቤትህን አስብ። አንበሳና ሻሼ ውጪ ናቸው፣ ጠባቂ ናቸው፣ ለጥበቃና ለእርሻ ውሻ መያዝ እኛም ዘንድ የተፈቀደ ነው። ትንሹ ግን ቤት ይገባል፣ እንግዳ እግር ሥር ይሄዳል፣ ቡና ረከቦት ያሸታል። እኛ ቤት ውሻ በምላሱ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ዱዓ ላይ የተቀመጡ እናት ልብስ ከላሰ ተነስተው ልብስ ሊቀይሩ ነው። ስለዚህ አንድ ክፍል ወይ አንድ ጥግ ለይለትና ቡና ሲፈላ እዚያ መዋል ይልመድ። የማይዘል፣ የማይልስ ጠባይ ያለው ምረጥ። ይህ ደግሞ ከዘሩ ይልቅ ካደገበት ቤት ነው የሚመጣው፣ ልታየው ስትሄድ አንተ ላይ መዝለሉን እይ።

የኛ ጎረቤት ትንሽ ውሻ አላቸው፣ እናቴ ስትመጣ ባለቤቲቱ ገና ከበር "ግባ ክፍልህ" ትለዋለች፣ ይገባል። እናቴ አሁን ስትሄድ "ያ ልጅ ደህና ነው?" ትላለች 😊

ቃሉ ሽንኩርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሰውየው ብሩን አልላክሁም። የፒያሳዋ፣ ስለ ጅቡ ያልሽውን ለሚስቴ አንብቤላት ተነስታ በሩን ቆለፈችው፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር።

ዶክተር፣ ስለ ድመቷ ያሉኝ እንቅልፍ ነስቶኛል። የወረባቦዋ ያልሽው ደግሞ ለኔ ከዘሩ ሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም የሚስቴ አባት ሼህ ናቸው። ሲመጡ ከአንበሳ ጋር በሩቁ ነው ሰላም የሚባባሉት። በውሻ ጉዳይ እስካሁን ቃል አልተናገሩኝም፣ ግን ሽርጣቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ አያለሁ።

አንድ ጥያቄ ለሐኪሙ፣ እርሻ ላይ ስሠራ ትንሹን መኪና ውስጥ ቆልፌበት መስኮቱን ጠበብ አድርጌ ብከፍትለትስ?

ጡረተኛው ሐኪም

አይሆንም። ውጪው 24 ዲግሪ ሲሆን እንኳ የተዘጋ መኪና ውስጥ በግማሽ ሰዓት ከ40 በላይ ይሆናል፣ መስኮት ጠበብ ማድረግ ብዙም አያቀዘቅዘውም። የውሻ ጤናማ የሰውነት ሙቀት 38.5 ገደማ ነው፣ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። እርሻው ላይ ጥላ ሥር በሽቦ ትንሽ አጥር ሥራለት፣ ውሃ አስቀምጥ። አንተ እያየህ ካልሆነ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከሻሼ ጋር አይፈታ። እና አብሽር፣ ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው አጥሩ።

የሐረጎ ሾፌር

ከመነሳትህ በፊትም ጠግቦ አይብላ። አዲስ ውሻ ሐረጎ ላይ ያስመልሰዋል፣ የኔዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር የምታስመልሰው፣ ድልድዩን ሳያት መሐረብ አወጣ ነበር። ለሱ ብለህ ቀስ ብለህ መንዳትም አይጎዳህ።

ቃሉ ሽንኩርት

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ሻሼን ከአንድ ወዳጄ ትንሽ ውሻ ጋር ጢጣ ወዲያ ማዶ ሜዳ ላይ አራመድናት። የመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ እንዳሉት ዝም አለች፣ ጆሮዋን አቆመች፣ ደስ አላለኝም፣ መለስኳት። ሁለተኛው ቀን ከሩቅ ብቻ። ሦስተኛው ቀን አሽትታው ጭጎጎት ልታኝክ ዞረች። አራተኛውም አምስተኛውም እንደዚያ። ባለቤቴ "ለውሻ ይህን ያህል ከተሽቀዳደምክ ለኔ እናት ቤት ጣሪያ መቼ ነው?" አለችኝ፣ እሱን ለጊዜው እንለፈው።

ትንሹን ያገኘሁት ኮምቦልቻ ጋራዥ ነው፣ ጎማ የሚለጥፉት ልጆች ጋ። ወንድ፣ ሁለት ዓመት ገደማ፣ 7 ኪሎ፣ ቀለሙ እንደ ተቆላ ገብስ፣ እግሩ አጠር ጎኑ ሰፋ ያለ። ሦስት ትልልቅ ውሾች መሃል ነው ያደገው። ልጆቹ ብር አንፈልግም አሉ፣ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት አውርጄላቸው ተሳሳቅን። ልጄ ቆሎ አለችው። ክትባቱን ጨርሷል፣ ለማኮላሸቱ ቀጠሮ ይዣለሁ።

መኪና ላይ የለስላሳ ሳጥኑ በትክክል ሠርቷል። ባለ ሁለት ጋቢና ስለሆነ ከኋላ ወንበር ላይ ነው፣ በመስኮቱ በኩል ሻሼ ከውጪ አፍንጫዋን ለጥፋ ታየዋለች። ሁለት ጊዜ አስመለሰው፣ ሁለቱም ጊዜ ሐረጎ። እርሻ ላይ ሽቦ ውስጥ ነው የሚውለው፣ እኔ ስቀመጥ ብቻ ይወጣል። አንድ ጊዜ ሻሼ ሳህን ላይ አጉረመረመችበት፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። ጋራዥ ውስጥ የተማረው ይመስለኛል። አማቴም መጥተው ነበር። ቆሎ ወደ ጥጉ ሄዶ ተኛ፣ እሳቸው አዩት፣ ምንም አላሉም። ሽርጣቸውን ግን አልሰበሰቡም።

አሁን ያልጠበቅሁት ችግር የመጣው ከአንበሳ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከኋላ ዘሎ ሲወጣ የነበረ ውሻ፣ ቆሎ ጋቢና ሲገባ ካየ ወዲህ ከኋላ አልወጣም ብሏል። የጋቢናው በር ጋ ይቀመጥና ያየኛል። ትናንት 38 ኪሎ ተሸክሜ ከኋላ ጫንኩት፣ ወገቤ ተቆረጠ። ምን ላድርግ?

የሐረጎ ሾፌር

አንዴ ጋቢና ካስገባኸው አንተ ነህ ከኋላ የምትሄደው። መጀመሪያ አንበሳን ከኋላ ጫን፣ አንድ ቁራሽ ነገር ስጠው፣ ቆሎን ከዚያ በኋላ ሳያየው አስገባ። ለወገብህ ደግሞ ጦሳ ሥር የሚያሹ አንድ እናት አውቃለሁ፣ በውስጥ ጻፍልኝ።